ራስ አሉላ አባ ነጋ

ራስ አሉላ እንግዳ ቁቢ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ነጋ፣ የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የጦር አበጋዝና የመረብ ምላሽ ገዥ ነበሩ። በ1839 ዓ.ም. ገደማ በትግራይ፣ በተምቤን አውራጃ፣ መነዌ በተባለ መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወልደው የካቲት 9 ቀን 1889 ዓ.ም. አረፉ። ከግብፅ፣ ከሱዳን መሐዲስቶችና ከጣሊያን ጋር በተደረጉት ጦርነቶች ሁሉ ተካፍለዋል። ከሁሉም በላይ ስማቸው የሚነሣው ጥር 19 ቀን 1879 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 1887) በዶጋሊ ባደረጉት ውጊያ ነው። ዶጋሊ ብዙ ጊዜ እንደ ድል ብቻ ይተረካል። ነገር ግን አሉላ የፈለጉት ጣሊያኖችን ከነምጽዋው ማጥፋት አልነበረም፤ የተወሰነ ጉዳት አድርሰው ከያዙት አልፈው እንዳይመጡ ማስጠንቀቅ ነበር። ማስጠንቀቂያው በማን ዘንድ እንዴት እንደተሰማ የቀሪ ሕይወታቸውን አቅጣጫ ወስኗል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና አነሣሥ

አባታቸው እንግዳ ቁቢ ባላገር እንጂ መኳንንት አልነበሩም። በዚያ ዘመን የራስነት ማዕረግ በአብዛኛው ለትልልቅ ቤቶች ልጆች የሚሰጥ ስለነበር የአሉላ ከፍ ማለት ለዘመኑ ሰዎች እንግዳ ነገር ነበር፤ ጠላቶቻቸውም ይህን ከመጥቀስ አልቦዘኑም። ስለ ልጅነታቸው በትግራይ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ሠርገኞች እንጀራ በመሶብ ተሸክመው ሲያልፉ እረኛው አሉላ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ያስቆማቸውና ወዴት እንደሚሄዱ ይጠይቃል፤ እነሱም እያሾፉ ወደ ራስ አሉላ የቁቢ ልጅ ቤት እንሄዳለን ይሉታል። ከዚያ ወዲህ የመንደሩ ልጆች ራስ አሉላ እያሉ ይጠሩት ጀመር ይባላል። ታሪኩ ሰውየው ትልቅ ከሆኑ በኋላ የተቀመመ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ሕዝቡ አነሣሣቸውን እንዴት እንደተረዳው ያሳያል።

አሉላ በመጀመሪያ የራስ አርአያ ድምፁ ተከታይ ሆኑ፤ ቀጥሎም ወደ ራስ አርአያ የእኅት ልጅ ወደ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ፣ ማለትም ወደ ኋለኛው ዐፄ ዮሐንስ፣ ዘንድ ገቡ። የካሣ ዕድል የተከፈተው በ1860 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ዓመት በጄኔራል ናፒየር የሚመራ የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ጠረፍ ተነሥቶ መቅደላ ድረስ ዘለቀ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ፤ እስረኞቹም ተፈቱ። ጦሩ አንዲት መሬት ሳይዝ በመጣበት መንገድ ተመለሰ። ሲወጣም በግዛቱ ላሳለፈው ለካሣ መድፎችና ጠመንጃዎች ትቶ ሄደ። ስለዚህ የአሉላ ትውልድ ከውጭ የመጣ ኃይል መትቶ፣ የፈለገውን አድርጎ፣ ተመልሶ ሲሄድ በዓይኑ አይቷል። ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ምጽዋ የገቡት ግን ለመመለስ የመጡ አልነበሩም።

ሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ በአሰም ጦርነት ካሣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን (ዋግ ሹም ጎበዜን) ድል ሲያደርጉ የተማረከውን ንጉሥ የያዙት አሉላ ናቸው ሲል የቃል ታሪክ ይናገራል። በ1864 ዓ.ም. ካሣ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ፤ አሉላም ከቤተ መንግሥቱ ታማኞች አንዱ ሆኑ።

የመረብ ምላሽ ገዥ

የግብፁ ኬዲቭ ኢስማኤል ጦር ኅዳር 7 ቀን 1868 ዓ.ም. በጉንደት፣ በዚያው ዓመት የካቲት መጨረሻና መጋቢት መጀመሪያ ደግሞ በጉራዕ ተሸነፈ። አሉላ በሁለቱም ተዋግተዋል። በ1869 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዐፄ ዮሐንስ የራስነት ማዕረግ ሰጥተው ከመረብ ወንዝ ማዶ ባለው አገር፣ ማለትም በሐማሴን፣ በሠራዬና በአካለ ጉዛይ፣ ላይ ሾሟቸው። የሐማሴን ባላባቶች ከተምቤን የመጣ የገበሬ ልጅ በላያቸው መሾሙን አልወደዱትም። ከነሱ ዋነኛው ራስ ወልደ ሚካኤል ሰሎሞን ከግብፆች ጋር ወግነው ለብዙ ጊዜ ካስቸገሩ በኋላ በ1871 ዓ.ም. ገብተው ታሰሩ። ይህ ቅሬታ ከአሥር ዓመት በኋላ ለጣሊያኖች በር ከፋች ስለሆነ እንደ ትንሽ ነገር የሚታለፍ አይደለም።

አሉላ መቀመጫቸውን በ1876 ዓ.ም. ወደ አሥመራ አዛወሩ። ያኔ አሥመራ ትንሽ መንደር ነበረች። ከደጋው ወደ ምጽዋ የሚወርደው የንግድ መንገድ ግን የሚያልፍባት በመሆኗ ገበያዋ ፈጥኖ ደራ። የራሱ ግብርና ጦር በዚህ መንገድ ላይ ያረፈ ነበር። መንገዱ ከተዘጋ አሉላም አሥመራም ባዶ ይቀራሉ።

ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ዐፄ ዮሐንስ፣ የእንግሊዙ አድሚራል ሂዌትና የግብፅ ተወካይ ስምምነት ፈረሙ። በመሐዲስቶች የተከበቡት የግብፅ ጦሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ንጉሠ ነገሥቱ ይረዳሉ፤ በለውጡ ቦጎስ ለኢትዮጵያ ይመለሳል፤ ምጽዋም በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ሆና የጦር መሣሪያ ጭምር ለማናቸውም የኢትዮጵያ ዕቃ ነጻ መተላለፊያ ትሆናለች። የኢትዮጵያን ድርሻ የፈጸሙት በአብዛኛው አሉላ ናቸው። መስከረም 14 ቀን 1878 ዓ.ም. በኩፊት ከኡስማን ዲግና ጦር ጋር ገጥመው አሸነፉ፤ ነገር ግን ምክትላቸውን ብላታ ገብሩን ጨምሮ ብዙ ሰው ሞተባቸው። እንግሊዝ በበኩሏ ቃሏን አልጠበቀችም። ከኩፊት በፊት፣ ጥር 29 ቀን 1877 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ወታደሮች በእንግሊዝ ይሁንታ ምጽዋ ላይ ወርደው ነበር።

ሰሐጢና ዊዓ

ጣሊያኖች በወደቡ አልተወሰኑም። በ1877 ዓ.ም. ከምጽዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደጋው ገባ ብላ የምትገኘውን የውሃ ቦታ ሰሐጢን ያዙ። በኅዳር 1879 ዓ.ም. ደግሞ ከምጽዋ በስተ ደቡብ ያለችውን ዊዓን ያዙ። ሁለቱም ቦታዎች ለሰፈር ያህል ጠባብ ናቸው፤ ግን በዚያ ደረቅ ቆላ ውሃ የያዘ መንገዱን ይይዛል። ለአሉላ ነገሩ እንዲህ ነበር፦ የዓድዋው ውል ምጽዋን ለንግድ እንጂ ለጦር ሰፈር መነሻ አልሰጠም፤ ጣሊያኖች አንድ አንድ ጕድጓድ እየያዙ ከወጡ ነገ ግንዳዕ፣ ከነገ ወዲያ አሥመራ ይሆናሉ።

ጥር ላይ አሉላ ለምጽዋው አዛዥ ለጄኔራል ጄኔ ደብዳቤ ጽፈው ዊዓን እንዲለቅቁ ጠየቁ። በዚያው ሰሞን የካውንት ሳሊምቤኒን መልእክት ይዘው አሠሩ፤ ጥያቄው ካልተፈጸመ እስረኞቹ አደጋ ላይ እንደሆኑም አስታወቁ። ጄኔ አልተቀበሉም፤ ሰሐጢንም የበለጠ አጠናከሩ። በሮም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮቢላንት ከውጊያው ሁለት ቀን በፊት ለምክር ቤቱ ሲናገሩ፣ በአፍሪካ ለሚገጥሟቸው ጥቂት ወንበዴዎች ይህን ያህል ክብደት መስጠት እንደማያስፈልግ ገልጸው ነበር። ይህ አስተያየት የዛቻ ደብዳቤ ብቻውን ለምን እንዳልሠራ ያስረዳል። የሚዝተው ሰው እንደ መንግሥት ሹም ካልታየ ዛቻው እንደ ፖለቲካ ቃል አይቈጠርም።

አሉላ ይህን ከንጉሠ ነገሥቱ ግልጽ ትእዛዝ ተቀብለው አደረጉት ወይስ በራሳቸው የሚለው ጥያቄ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ሲያከራክር ቆይቷል። የሚያመዝነው አስተያየት በራሳቸው ውሳኔ ነው የሚለው ነው። ድንበር ጠባቂ ሹም ነበሩና ድንበሩ ሲነካ መምታት ሥልጣናቸው እንደሆነ ያምኑ ነበር።

ጥር 18 ቀን 1879 ዓ.ም. የአሉላ ጦር ሰሐጢን አጠቃ። በምሽግ ውስጥ የነበሩት የጣሊያን ወታደሮችና ባሽቡዙቆች በመድፍና በጠመንጃ ለብዙ ሰዓት ተከላከሉ፤ አሉላም ብዙ ሰው ሞቶባቸው አፈገፈጉ። በምሽግ ላይ በግልጽ መሮጥ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ በዚያ ቀን አዩ። የሰሐጢው አዛዥ ግን ስንቅና ጥይት አነሰኝ ብሎ ወደ ኋላ ላከ። በማግስቱ ሌሊት በሌተና ኮሎኔል ቶማሶ ዴ ክሪስቶፎሪስ የሚመራ 540 ያህል ሰው ያለው ጓድ ስንቁን ይዞ ከእምኩሉ ተነሣ።

አሉላ ይህን ጓድ ጠበቁት፤ ያለ ምሽግ፣ በመንገድ ላይ፣ በዶጋሊ። ዴ ክሪስቶፎሪስ ሲከበቡ ወደ አንድ ጉብታ ወጥተው መስመር ሠሩ፤ ይዘዋቸው የመጡት ሁለት መትረየሶች ተበላሹባቸው፤ ጥይታቸውም አለቀ። ውጊያው ጥቂት ሰዓት ብቻ ቆየ። አዛዡን ጨምሮ 430 ያህል ጣሊያኖች ሞቱ፤ የተረፉት ከመቶ ያነሱ ሲሆኑ አብዛኞቹ ቆስለው ከሬሳ መካከል የተገኙ ናቸው። የአሉላ ወታደሮች ብዙ ሺህ ስለነበሩ ነገሩ የብዛትም ጭምር ድል ነው። ቢሆንም ከቀን በፊት ምሽግ ላይ የተሰበረ ጦር በማግስቱ ቦታውንና ጊዜውን መርጦ እንዲመታ ማድረግ የአዛዥነት ችሎታ መሆኑን ጣሊያኖችም ክደው አያውቁም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከውጊያው ያላነሰ ትኩረት የሚገባው ነው። አሉላ ወደ ምጽዋ አልወረዱም። ወደቡ በመርከብ መድፍ የተጠበቀ ስለነበር መውረዱ የሚያዋጣ አልነበረም፤ ከዚህም ሌላ የጠየቁት ምጽዋን አልነበረም። የጠየቁትን ደግሞ አገኙ፦ ጄኔ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሰሐጢንና ዊዓን አስለቅቀው ጦራቸውን ወደ ጠረፉ ሰበሰቡ። አሉላ ወደ ደጋው ተመለሱ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ጣሊያኖች ይዘውባቸው የነበረውን ጠመንጃ በመልቀቅ እስረኞቹን ለማስፈታት ተደራደሩ፤ የሮም መንግሥት በዚህ ተቈጥቶ ጄኔን ሻረ። እስከዚህ ድረስ ሲታይ ማስጠንቀቂያው ሙሉ በሙሉ የሠራ ይመስላል።

ሮም፣ ለንደንና እንጦጦ

የተወሰነ ጥቃት ትርጕሙን የሚያገኘው ከመቺው ሳይሆን ከተመታው ነው። በዘመኑ ታላላቆቹ መንግሥታት በዚህ ዘዴ ብዙ ይጠቀሙ ነበር። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1882 እስክንድርያን ከባሕር ስትደበድብ መጀመሪያ የታሰበው ምሽጎቹን ማፍረስና ማስፈራራት ነበር፤ መጨረሻው ግን ግብፅን መያዝ ሆነ። ደካማ ነው የሚባለው ወገን በዚያው ዘዴ ሲመልስ ግን ማስጠንቀቂያ መባሉ ይቀርና ጭፍጨፋ ይባላል።

በሮም የሆነው ይኸው ነው። የዶጋሊ ወሬ ሲደርስ በየከተማው ሰልፍና ረብሻ ተነሣ፤ ሮቢላንት ከሥልጣን ወረዱ። ምክር ቤቱ ለአፍሪካ ጦር 5 ሚሊዮን ሊሬ ፈቀደ፤ ቈየት ብሎም ተጨማሪ ገንዘብ ሰጠ። በመጋቢት 1879 ዓ.ም. ፍራንቼስኮ ክሪስፒ ካቢኔው ውስጥ ገቡ፤ በዚያው ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዴፕሬቲስ ሲሞቱ ቦታቸውን ያዙ። ከዶጋሊ እስከ ዓድዋ የጣሊያንን የአፍሪካ ፖሊሲ ከማንም በላይ የቀረጹት እኚህ ሰው ናቸው። ወደ ሥልጣን የገቡትም ዶጋሊ ባስነሣው የካቢኔ ቀውስ ነው። አሉላ ይህን ሊያውቁ የሚችሉበት መንገድ አልነበረም፤ በአሥመራ ሆኖ የጣሊያን ምክር ቤት እንዴት እንደሚያስብ የሚነግራቸው ሰው አልነበረም።

ለንደን ደግሞ ሸምጋይ ላከች። ወጣቱ ዲፕሎማት ጄራልድ ፖርታል በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ከምጽዋ ተነሥተው አሥመራ ላይ ከአሉላ ጋር፣ ከዚያም አሸንጌ ሐይቅ አካባቢ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ተገናኙ። ያመጡት ሐሳብ ዐፄው ስለ ዶጋሊ ይቅርታ እንዲጠይቁ፣ ሰሐጢና ዊዓም ለጣሊያን እንዲሆኑ የሚል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ አልተቀበሉም። አሉላ ወሰኑን የጠበቀ ሹም እንጂ ወንጀለኛ አይደለም ባይ ነበሩ፤ የዓድዋውንም ውል አንሥተው እንግሊዝን ወቀሱ። ዐፄ ዮሐንስ በሹማቸው ድርጊት በልባቸው ቢከፉ እንኳ ለውጭ ሰው አሳልፈው አልሰጡም።

ሦስተኛው አድማጭ በሸዋ ነበር። ንጉሥ ምኒልክ በታኅሣሥ 1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን የያዙት ከዶጋሊ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። መቀመጫቸው ከዛሬው ጉለሌ ክፍለ ከተማ በላይ በሚታየው በእንጦጦ ተራራ ነበር፤ ጉለሌ ራሱ ስሙን የወሰደው በግርጌው ይኖር ከነበረው የኦሮሞ ጎሣ ነው። አዲስ አበባ ከተራራው ግርጌ በፍል ውሃው ዙሪያ መቈርቈር የጀመረችውም በዚሁ ሰሞን ነበር። የጣሊያኑ መልእክተኛ ካውንት አንቶኔሊ በምኒልክ ዘንድ የቆየ ወዳጅነት ነበረው። ለዐፄ ዮሐንስ የሰሜኑ ግጭት አደጋ ሲሆን ለምኒልክ የመደራደሪያ ዕድል ሆነ። በአንድ በኩል ሽምግልና እንደሚገቡ አስታወቁ፤ በሌላ በኩል በጥቅምት 1880 ዓ.ም. ከአንቶኔሊ ጋር በምስጢር ተስማምተው፣ በጣሊያን ላይ የማይተኰሱ 5,000 ሬሚንግተን ጠመንጃዎች ለማግኘት በለውጡ ገለልተኛ ለመሆን ቃል ሰጡ። የሸዋን ንጉሥ በዚህ ብቻ መፍረድ ይቀላል። ከዐፄ ዮሐንስ ጋር የነበራቸው የሥልጣን ፉክክር ግን የቆየ ነበር፤ ጠመንጃ ደግሞ በዚያ ዘመን ከማንም ይምጣ ከማን የመንግሥት ህልውና ነበር። ቁም ነገሩ የአሉላ ጥቃት ጣሊያን የኢትዮጵያን ነገሥታት ለመከፋፈል የበለጠ እንድትጣጣር ማድረጉ ነው።

በ1880 ዓ.ም. ጄኔራል ሳን ማርዛኖ 20,000 ያህል ወታደር ይዘው ሰሐጢን እንደገና ያዙ፤ ከምጽዋ እስከዚያው ድረስ የባቡር ሐዲድ ዘረጉ። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት ከታላቅ ሠራዊት ጋር ፊት ለፊታቸው ሰፈሩ። ጣሊያኖች ከምሽጋቸው አልወጡም። ንጉሠ ነገሥቱም የሰሐጢን የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ያውቁ ነበርና ምሽጉን አላጠቁም። በዚያው ዓመት መሐዲስቶች ጎንደርን አቃጥለው ነበር፤ ስንቅም አለቀ፤ ከደቡብም የምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዝንባሌ አስጊ ሆነ። ጦሩ ሳይዋጋ ተመለሰ። አሉላ በአንድ ጥዋት ያስለቀቋትን ሰሐጢን የመላ አገሪቱ ንጉሠ ነገሥት ማስለቀቅ አልቻሉም።

ከመተማ በኋላ

አሉላ ከዚያ ወዲህ በመረብ ምላሽ እንደ ቀድሞው አልጸኑም፤ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ሰፈር ተጠሩ። መጋቢት መጀመሪያ 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከመሐዲስቶች ጋር በተደረገው ጦርነት ዐፄ ዮሐንስ ቈስለው ሲሞቱ አሉላ በስፍራው ነበሩ። የቀረውን ጦር ይዘው ከንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ከራስ መንገሻ ዮሐንስ ጋር ወደ ትግራይ ተመለሱ። ሚያዝያ 25 ቀን ምኒልክ ከጣሊያን ጋር የውጫሌን ውል ፈረሙ፤ ሐምሌ 28 ቀን የጣሊያን ጦር አሥመራ ገባ፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ እንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተቀብተው ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ከመተማ እስከዚያ ስምንት ወር እንኳ አልሞላም። አሉላ አገረ ገዥነታቸውንም ንጉሣቸውንም በአንድ ዓመት አጡ። የመረብ ማዶ ባላባቶች ብዙዎቹ የተምቤኑን ራስ ከመጥላታቸው የተነሣ መጀመሪያ ላይ ጣሊያንን አልተቃወሙም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሬታቸው ለጣሊያን ሰፋሪ ሲወሰድ ግን ከነሱ መካከል ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ በ1887 ዓ.ም. ዐመፁ።

ቀጥለው የመጡት ዓመታት የከብት እልቂትና የክፉ ቀን ዓመታት ነበሩ። መንገሻና አሉላ በተራበ አገር፣ በቀጭን ጦር፣ አንዴ ከጣሊያን ጋር እየተስማሙ፣ አንዴ እርስ በርስ እየተቀያየሙ ቆዩ። በሰኔ 1886 ዓ.ም. ሁለቱም ከሌሎች የትግራይ መኳንንት ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክመው፣ ለዐፄ ምኒልክ ገቡ፤ ምሕረትም አገኙ። መንገሻ ወደ ትግራይ ሲመለሱ አሉላ ዋና ከተማው ቀሩ። የጣሊያንን አካሄድ ከሥር ከመሠረቱ የሚያውቅ ሰው በውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ከጣሊያን ጋር ለተጣላ ቤተ መንግሥት ምን ያህል እንደሚጠቅም መገመት አያዳግትም። በሌላ በኩል ለራሳቸው ለአሉላ ይህ የእንግድነት ዘመን ነበር፤ አሥመራን የገነባ ሰው ከእንጦጦ ሥር በሌላ ሰው ደጅ ጠና።

ከራስ መኮንንና ከራስ መንገሻ ጋር ሆነው ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባ አላጌ ላይ ተዋጉ። የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ ከትግራይ ጦር ጋር ተሰለፉ። የያዙት ሰው ጥቂት ስለነበር የዕለቱ ዋና ክንድ አልነበሩም፤ የአገሩን መሬትና የጣሊያንን አሰላለፍ በማወቅና ሰላዮችን በማሰማራት ግን አገለገሉ። ከድሉ በኋላ ፈረሰኛ ተሰጥቷቸው የሸሸውን ጦር እስከ ባሕር እንዲያሳድዱ ምኒልክን ጠይቀው እንደነበር ይነገራል። ምኒልክ መረብን አልተሻገሩም። ሠራዊቱ ደክሞና ተርቦ ነበር፤ ከመረብ ማዶም ምሽግና ከጣሊያን የሚመጣ አዲስ ጦር ይጠብቅ ነበር። ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን የኢትዮጵያን ነጻነት ሳታሻማ ተቀበለች፤ የውጫሌ ውልም ተሻረ። አሥመራ ግን በጣሊያን እጅ ቀረች። ከሁሉም ይልቅ ይህ የከነከናቸው አሉላ ሳይሆኑ አይቀሩም።

አሟሟታቸው ከጣሊያን ጋር ግንኙነት የለውም። በጥር 1889 ዓ.ም. በትውልድ አገራቸው በተምቤን ከራስ ሐጎስ ጋር በተነሣ ጠብ ተዋግተው አሸነፉ፤ ሐጎስም ሞቱ። አሉላ እግራቸውን ቈስለው ስለነበር የካቲት 9 ቀን አረፉ። የተቀበሩት ዓድዋ አጠገብ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም ነው።

የዶጋሊ መታሰቢያዎች

ለዶጋሊ ሙታን ሐውልት ለማቆም ጣሊያን አልዘገየችም። ከውጊያው አምስት ወር ያህል ቈይቶ፣ እ.ኤ.አ. በጁን 1887፣ ከግብፅ የመጣ ጥንታዊ ሐውልት የሟቾቹ ስም ተጽፎበት ሮም በባቡር ጣቢያው ፊት ተመረቀ፤ አደባባዩም የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ተብሎ እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል። ፋሺስቶች አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ የይሁዳ አንበሳን ሐውልት ነቅለው ወስደው በዚሁ በዶጋሊ መታሰቢያ ሥር አቆሙት። ኤርትራዊው ዘርዓይ ድረስ ሮም ውስጥ የአገሩን አንበሳ በዚያ ሁኔታ አይቶ ያስነሣው ተቃውሞ በኢትዮጵያም በኤርትራም ሲታወስ ይኖራል። አንበሳው ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ለገሐር ፊት ለፊት ቆሟል። መቀሌ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ በአሉላ አባ ነጋ ስም ይጠራል።